የታጠፈው ጫፍ

ሱሚራህ ሰው ሲሸከማት አትወድም ነበር። በልጅነቷ ፖሊዮ ሁለቱን እግሮቿን ካሰናከላት ጀምሮ አባቷም፣ ወንድሞቿም፣ ጎረቤቱም፣ ስሙን የማታውቀው መንገደኛም ብድግ እያደረገ ያሻው ቦታ አስቀምጧታል፤ ልክ እንደ ሩዝ ከረጢት። ከማንሳቱ በፊት «ላንሳሽ?» ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። ተሽከርካሪ ወንበር ያገኘችው ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ያን ቀን ብቻዋን እስከ ገበያው ጥግ ሄደች፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጣች፣ ብቻዋን ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቅ ሊያነሳት እጁን የሚዘረጋ ሰው ምላሷን ሳይቀምስ አይመለስም።

የምትኖረው በኢንዶኔዥያ ከተማ ዮግያካርታ ውስጥ፣ ቾዴ ወንዝ ዳር፣ ቤቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ የተጫኑ በሚመስሉበት ሰፈር ነው። የዕድሜዋን እኩሌታ ያሳለፈችው በአንድ የባቲክ ቤት ውስጥ ነበር። ቀልጦ የሚጨስ ሰም በቻንቲንግ፣ በዚያች አፏ በቀጠነ የመዳብ መጨለፊያ፣ እየቀዳች ነጭ ጨርቅ ላይ ቅጠልና ወፍ ስትስል ኖራለች። ቤቱ ሲዘጋ እጇ ሥራ ፈታ። እናም ዳኑ የሚባል ወጣት ሰዓሊ በሰፈሩ ክፍት አዳራሽ ሐሙስ ሐሙስ ማንም የሚመጣበት፣ ሁሉም አብሮ የሚሠራበት የሥዕል ወርክሾፕ ከፍቷል ሲሏት መጀመሪያ አሾፈች። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ቻንቲንጓን በመሐረብ ጠቅልላ ከተፍ አለች።

የሐሙሱ ሰው ዓይነቱ ብዙ ነበር። ጡረታ የወጡ ሴቶች፣ አንድ ዓይነ ስውር ወጌሻ፣ መስማትም መናገርም የማትችል ላራስ የምትባል ልብስ ሰፊ፣ ሥራ አጥተው ጥግ ይዘው የሚውሉ ጎረምሶች። ከነዚህ ሁሉ ሱሚራህ አጠገቧ እንዲቀመጥ የምትፈልገው ጃርዎን ነበር። ጃርዎ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሲወለድ ታፍኖ ስለነበር ገላው አይታዘዘውም፣ እሱም በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚውለው፤ እጁ ሳያዝዘው ይወረወራል፣ ቃሉም ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚወጣ ባልዲ ቀስ እያለ፣ እየተንገጫገጨ ነው የሚመጣው። ሰው ያንን ባልዲ መጠበቅ አይችልም። ሁሉም ቃሉን ይቀማውና ይጨርስለታል። በዚህ ደግሞ እንደ ሱሚራህ የሚቀድም አልነበረም። ሱሚራህ የምታደርገው በፍቅር ነው፤ ጃርዎ ምን ሊል እንደፈለገ ከናቱ ይበልጥ የምታውቅ ይመስላት ነበር።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ረጅም ጨርቅ ላይ ወንዛቸውን ሊስሉ ተስማሙ፤ ከተራራው ሥር ተነስቶ፣ በሰፈራቸው አልፎ፣ ደቡብ ባሕር እስኪገባ። እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ ወሰደ። ጃርዎ የመጨረሻውን ጫፍ መረጠ። ዳኑ ሰፊ ብሩሽ እጁ ላይ አሰረለት። ጃርዎ ብሩሹን ሰም ውስጥ እየነከረ ሲወረውረው ጨርቁ ላይ ትልቅም ትንሽም ጠብታ ይዘንብበታል። ሱሚራህ መጀመሪያ ላይ ዓይኗን ጨፈነች። እሷ በኖረችበት የባቲክ ቤት አንዲት ጠብታ ሳትፈለግ ጨርቁ ላይ ከወደቀች አገር ይያዝልኝ ይባላል። ጨርቁ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ተነክሮ፣ ሰሙ በፈላ ውኃ ተራግፎ ሲዘረጋ ግን ጠብታዎቹ በጥልቁ ሰማያዊ ላይ ነጭ ሆነው ወጡ፤ የሚጋፉ፣ የሚሯሯጡ፣ ሕይወት ያላቸው። ሱሚራህ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ እኮ የባሕር አረፋ ነው» አለች። ጃርዎ አፉን ከፍቶ «ዳ...» ሲል «አዎ፣ ዳር ላይ የሚመታው አረፋ» ብላ ጨረሰችለት። ከዚያ ወዲያ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አረፋ ነው ተባለ።

ዳኑ ጨርቁ በከተማው የባህል አዳራሽ ሊሰቀል ነው የሚል ወሬ ይዞ ሲመጣ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አካል ጉዳተኞችን የሚመለከት ኤግዚቢሽን ነው፣ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል አላቸው። ሱሚራህ ቦታው ደረጃ አለው ወይ ብላ ጠየቀችው። ዳኑ ሁሉ ነገር ተመቻችቷል ብለውኛል አላት። ያልመለሰላት መሆኑ ገብቷታል፤ ነገር ግን የሰውን ደስታ ላለማደፍረስ ተወችው።

የመክፈቻው ቀን የክት ልብሷን ለብሳ፣ ወንበሯን አስጭና በባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ሄደች። ጃርዎ ፀጉሩ በውኃ ተለጥፎ፣ የሟች አባቱን የባቲክ ሸሚዝ ለብሶ ቀድሟት ደርሷል። እናቱ ቡ ካርሲ፣ ቡ ማለት እማማ እንደ ማለት ነው፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ የተጠበሰ ቴምፔዋን ሸጣ ስትጨርስ ልትመጣ ነው። አዳራሹ ሆላንዶች አገሩን በገዙበት ዘመን የተሠራ ነው። ከፊቱ የድንጋይ ደረጃ አለው፤ ሰፊ፣ ከፍ ያለ፣ ንጉሥ እንዲወጣበት የተሠራ የሚመስል። ከደረጃው ሥር አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ተሰልፈዋል። አንድ ፎቶ አንሺ በጉልበቱ ተንበርክኮ ካሜራውን ደግኗል።

ከወጣቶቹ አንዱ ፈገግ ብሎ መጣና በብብቷ ሥር እጁን ሰደደ።

«እጅህን አንሳ» አለችው።

«አይፍሩ ቡ፣ እኛ እናወጣዎታለን።»

«አልፈራሁም። እጅህን አንሳ ነው ያልኩህ።»

ልጁ እንደ ተቃጠለ ሰው እጁን ሰበሰበ። የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ፓክ ሃንዶኮ፣ በእነሱ ወግ አቶ ሃንዶኮ እንደ ማለት ነው፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ወፍራም ሰው፣ ምን ተፈጠረ ብሎ ከላይ ወረደ። ወጣቶቹን ያመጡት ለእነሱ ሲባል እንደሆነ፣ ሕንፃው ቅርስ ስለሆነ ሊነካ እንደማይቻል በትሕትና አስረዳት። ሱሚራህ ቅርሱን ንኩት አላልኩም፣ ሳንቃ ጣሉበት ነው የምለው አለችው። ስለ እኛ ኤግዚቢሽን ስታዘጋጁ፣ እኛ በምን እንደምንገባ አንድ ሰው እንኳ አላሰበም ወይ አለችው። ፓክ ሃንዶኮ ወደ ፎቶ አንሺው ሰረቅ አድርጎ አየ። ካሜራው ቀጭ ቀጭ ማለቱን አላቆመም። ሱሚራህ ወንበሯን አዞረችና ለካሜራው ጀርባዋን ሰጠችው።

ይሄኔ ላራስ፣ ቀድማ ወደ ላይ ወጥታ የነበረችው፣ ደረጃውን በሩጫ ወርዳ ከፊቷ ቆመች። እጆቿ ፈጠኑባት። ሱሚራህ ሐሙስ ሐሙስ የምልክቱን ቋንቋ በመጠኑ ለምዳለች፤ ግን በመጀመሪያ ያየችውን ማመን አቃታት። ላራስ ደገመችላት። ጨርቁ አጭር ሆኗል። በሁለት መዳፎቿ የማጠፍ ምልክት አሳየች፣ ከዚያ በጣቷ ወደ ጃርዎ ጠቆመች።

«ዳኑን ጥሩልኝ» አለች ሱሚራህ።

ዳኑ ወረደ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፊቱ ግን የታመመ ሰው ፊት ነው። ምን እንደምትጠይቀው አውቋል።

«ጨርቁን ማን አጠፈው?»

«ቡ፣ ግድግዳው አልበቃ አለ። አንድ ቦታ ማጠፍ ነበረብን።»

«አንድ ቦታ። እሺ። የኔን አጠፋችሁ?»

«አይ...»

«የዓይነ ስውሩን?»

ዳኑ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ለምን የጃርዎን? ተናገር እንጂ። ሐሙስ ሐሙስ 'ስህተት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም እጅ እኩል ነው' ስትለን አልነበረም? ያኔ አንደበትህ ይፈጥን ነበር።»

«ለሱ ብዬ ነው» አለ ዳኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፓክ ሃንዶኮ ጫፉ ያልተጠናቀቀ ይመስላል አሉ። ሰው እንዳይስቅበት ብዬ ነው፣ ቡ። ያልገባው ሰው ይስቃል።»

«ያልገባውማ አንተ ነህ! ሰው ሳይስቅበት አንተ ቀድመህ አፈርክበት። እኛን ስታሠራ የምትኮራው፣ ስንታይ የምታፍረው ምን ዓይነት ነገር ነው? እሱ እጁን መግዛት አቅቶት ነው የሚወረውረው። አንተ ግን እጅህን እየገዛህ ነው ያጠፍከው።»

ዳኑ ያለቅስ ጀመር። እንባው ይበልጥ አበገናት። ለላራስ በምልክት ጨርቁን አውርጂው አለቻት። ላራስ አልጠየቀችም፤ ጡረተኞቹን ሴቶች በዓይኗ ጠርታ ተመልሳ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ጫጫታ ተሰማ። ከዚያ ወንዙ በደረጃው ላይ ወረደ፤ ሴቶቹ ጨርቁን በትከሻቸው ይዘውት፣ ፓክ ሃንዶኮ ከኋላቸው እጁን እያወናጨፈ፣ የተጋበዘው ሰው በሩ ላይ ተኮልኩሎ እያየ። የታጠፈው ጫፍ ተፈትቶ መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር። ሱሚራህ ደስ አላት። እንደዚያ ዓይነት ትኩስ ደስታ ተሰምቷት አያውቅም። ወደ ቤታችን እንሄዳለን፣ ግድግዳቸውን ባዶውን ይመርቁት አለች።

«እኔ...» አለ ጃርዎ።

ሁሉም ወደሱ ዞሩ።

«እኔም ወደ ቤት መሄድ እፈልጋለሁ ነው የሚለው» አለች ሱሚራህ። «የዚህን ሕንፃ ደጅ ማየት አልፈልግም ነው የሚለው።»

ጃርዎ የወንበሩን ክንድ በክርኑ መታው። ከዚያ ደገመው። አንገቱ ተገትሯል፣ ፊቱ ቀልቷል። ሱሚራህ ሕመም የተነሣበት መስሏት ልትይዘው እጇን ስትዘረጋ ራሱን አሸሸ።

«አት... ጨርሺ... ልኝ» አላት። «ቡዴ። አትጨርሺልኝ።»

ቡዴ ማለት አክስቴ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጠራት። አሁን ግን በቁጣ ነው ያወጣው። ጃርዎ ምራቁን ዋጠና ባልዲውን ከጉድጓዱ መሳብ ጀመረ። ማንም አልቀማውም።

«መግባት... እፈልጋለሁ። እናቴ... ትመጣለች። እኔን... ልታይ... ነው የምትመጣው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እሱ... ሲያጥፈው... አልጠየቀኝም። አንቺ... ስታወርጂው... ጠየቅሽኝ?»

ሱሚራህ ወደ ጃርዎ የዘረጋችውን እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ጃርዎ አንገቱን ወደ ዳኑ አዞረ። አንተ ተሸከመኝ አለው። ቲሸርት የለበሱት አይንኩኝ፣ ፎቶም አይነሳ፣ ጨርቁም ሙሉውን ይሰቀል አለ። ይህን ለማለት ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ ፓክ ሃንዶኮ ሰዓቱን ሊያይ እጁን አንስቶ መልሶ አወረደው። ግድግዳው አይበቃም ከተባለ ጥግ ላይ ታጥፎ በጎን ግድግዳው እንዲቀጥል ነገራቸው። ከዚያ ዳኑ ጎንበስ አለ፣ ላራስ ጃርዎን ጀርባው ላይ አሰረችው፣ ሴቶቹም ጨርቁን ይዘው ተከተሉት። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ዓይነ ስውሩ ወጌሻ እንኳ ዱላውን እያንኳኳ ወጣ።

ሱሚራህ ከታች ቀረች። ላራስ ተመልሳ በምልክት ምን ላድርግልሽ ብትላትም ሂጂ አለቻት። አልሸከምም ካለች አልሸከምም ነው። ትክክል መሆኗንም ታውቅ ነበር፤ ይሄ ነው ያበሳጫት። ትክክል ሆና ሳለ ብቻዋን ከደረጃ ሥር ተቀምጣለች።

ቡ ካርሲ የዘይት ሽታዋን ይዛ፣ እያለከለከች መጥታ፣ ምን ሆነሽ ነው እዚህ የተቀመጥሽው ሳትላት በቀጥታ ወደ ላይ ወጣች። ወዲያው በድምፅ ማጉያው የፓክ ሃንዶኮ ንግግር ተሰማ፤ አካታችነት፣ ትብብር፣ የማኅበረሰብ ኩራት። ሱሚራህ እያንዳንዱን ቃል ስትሰማ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ ማጉያው ተንኳኳ። የጃርዎ ትንፋሽ ደጅ ድረስ መጣ።

«ሁሉም... አረፋ... ይላል» አለ። «አረፋ... አይደለም። ዳክዬ... ነው።»

ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። ሱሚራህ የወንበሯን ጎማ ጨብጣ ቀጥ አለች። ምን ዓይነት ሳቅ እንደሆነ ከታች ሆና መለየት አልቻለችም፤ ቢለይላት ምን ልታደርግ እንደነበርም አታውቅም።

«አባቴ... ዳክዬ... ይጠብቅ ነበር። ሩዝ ሲታጨድ... ማሳው ላይ። እኔን... በቅርጫት... ዳር ላይ... ያስቀምጠኝ ነበር። ብዙ... ነበሩ። ዝም... አይሉም ነበር። እኔን... አይፈሩኝም ነበር።»

አሁን አልሳቁም። የቡ ካርሲ ለቅሶ በማጉያው በኩል ተሰማ፤ ከዚያ ጭብጨባው መጣ። ሱሚራህ የጋሪ ነጂውን ጠርታ ወደ ቤቷ ሄደች።

የሚቀጥለው ሐሙስ አልሄደችም። ዳኑ ቤቷ ድረስ መጣና ከደጃፉ ቆሞ ይቅርታ ጠየቃት። «ገና አልበረደልኝም» አለችው። «ሲበርድልኝ እጠራሃለሁ።» በሩንም አልዘጋችበትም፣ ግባም አላለችውም፤ ቆሞ ቆሞ ሄደ። በዳኑ መናደድ ቀላል ነበር። በደረጃው መናደድም ቀላል ነበር። የሚያንገበግባት ያ አረፋ ነው። ለስንት እንግዳ አረፋ ነው ብላለች። ለስንት ሰው የባሕሩን ማዕበል በእጇ እያሳየች አስረድታለች፤ እሱ ከጎኗ አፉን ከፍቶ ሳለ።

በመጨረሻ አላስችል ሲላት ወደ ጃርዎ እናት ቤት ሄደች፤ ቡ ካርሲ ደጅ ላይ ቴምፔ እየጠበሰች ነበር። ሱሚራህ ቁጭ ብዬ አልቆይም፣ አንድ ነገር ልለው ነው አለቻት። ቡ ካርሲ እንግዲህ ንገሪው ብላ በማንኪያዋ ወደ ውስጥ ጠቆመቻት። ጃርዎ መስኮቱ ሥር ነበር።

«ተናደድሽ?» አላት።

«አዎ።»

«በኔ?»

«ባንተም።»

«እኔም... ባንቺ።»

ከዚያ እሱ ጀመረ፣ እሷም ጠበቀች። መጠበቅ እንዲህ አድካሚ መሆኑን አታውቅም ነበር። ቃሉ ወዴት እንደሚሄድ ገና ሳይደርስ ይታያታል፣ ምላሷ ይቀድማታል፤ ከንፈሯን በጥርሷ ያዘችው። ደግሞ ያየችው መንገድ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ሆኖ አገኘችው።

«ደረጃው... እኔንም... ያናድደኛል» አላት። «ከድሮ... ጀምሮ። ግን... የኔን... ንዴት... አንቺ... ተናደድሽልኝ። ለኔ... ምንም... አልቀረልኝም።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ከሱሚራህ አፍ የሚወጣ ዓይነት አልነበረም። በመጨረሻ «ዳክዬ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ዳ... ስል... 'ዳር'... አልሽ።»

በር ላይ ቆማ የምትሰማው ቡ ካርሲ ማንኪያዋን ጣለችና በሳቅ ተንፈራፈረች። ሱሚራህ አልሳቀችም። መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ በል፣ ደረጃውን ምን እናድርገው ብላ ጠየቀችው። ይህን ጠይቃው አታውቅም ነበር። ጃርዎ ያሰበበት ይመስላል፤ ሐሙስን ወደዚያ እንውሰደው አላት።

ሐሙስን ወሰዱት። ምንጣፉን፣ የሰም መጥበሻውን፣ ትናንሽ ምድጃዎቹን፣ የጨርቅ መወጠሪያውን፣ ሙዝና ቴምፔውን ሁሉ ጭነው ሄደው ከባህል አዳራሹ ደረጃ ሥር፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ዘረጉ። መተላለፊያውን አልዘጉም፤ ግን ኤግዚቢሽኑን ሊያይ የሚመጣ ሰው በእነሱ መካከል ማለፍ ነበረበት። የሚያልፈው ቆም ይላል። ምንድነው ሲል ቻንቲንግ ይሰጡታል። አንድ እግሩ የተቆረጠ ጋሪ ነጂ ተቀመጠ። አንዲት ነፍሰ ጡር ተቀመጠች። አንድ አዛውንት፣ ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ይሄን አዳራሽ ከውጭ ነው የማየው፣ ሙዚቃ ልሰማበት እወድ ነበር እያሉ ጠማማ መስመር ሳሉ። ዳኑም መጣ። ማንም ምራ አላለውም። ሱሚራህ ሰሙ እንዳይነድ እያማሰልክ ጠብቅ አለችውና ሌላ ቃል አልጨመረችለትም። ሲያማስል ዋለ።

ፓክ ሃንዶኮ ወረደ። እዚህ እሳት ማንደድ ክልክል ነው አለ።

«ምድጃውን አጥፉ ካሉን እናጠፋለን፣ ፓክ» አለችው ሱሚራህ። «የኔን እሳት ግን በምን ያጠፉታል?»

ጃርዎ መናገር ጀመረ። ፓክ ሃንዶኮ ወደ ሱሚራህ አየ፣ እንድትተረጉምለት። እሷ ቻንቲንጓን እፍ እያለች አጎንብሳ ሥራዋን ቀጠለች። ስለዚህ ፓክ ሃንዶኮ ፀሐይ ላይ ቆሞ ራሱ መስማት ነበረበት። ጃርዎ የነገረው አጭር ነው፦ መግቢያ እስክትሠሩ ሐሙስ እዚህ ነው፤ ከፈለጋችሁ ዓርብንም እናመጣለን። ሰውየው ላቡን ጠረገ። ብቻዬን የምወስነው ነገር አይደለም አለ። ማን እንደሚወስን ጠየቁት፤ ያን ለመናገርም ፈራ። ሱሚራህ ያኔ ትንሽ አዘነችለት፤ ንዴቷ ግን ከዚያ የተነሳ አልቀነሰም።

ጥቂት ሐሙሶች ካለፉ በኋላ አዳራሹ ያሠራው መወጣጫ መጣ፤ ሁለት ሳንቃ የተቸነከረበት፣ በቀጥታ ደረጃው ላይ የተጋደመ። ሱሚራህ አየችውና ይሄ ለፍየል ነው አለች። የሠራው አናጺ ተቆጣ። በተሰጠኝ ልክ ነው የሠራሁት ብሎ፣ እንዲያውም አሳያችኋለሁ ብሎ፣ የጃርዎን ትርፍ ወንበር ለምኖ ተቀመጠና ጎማውን እየገፋ ወጣ። ከመካከሉ ሳይደርስ ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር። ወጌሻው በድምፁ ነው ያወቀው፤ ዱላውን ከጎማው ሥር ሰዶ አቆመው። አናጺው ከወንበሩ ሲነሳ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ይሄን ልክ የሰጠኝ ማን ነው ብሎ ስድብ ቀላቅሎ ጠየቀ፤ ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ሱሚራህ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ስንት ያህል ይርዘም ብሎ ጠየቃት። ሱሚራህ ነገረችው። ጃርዎም የተለየ ሐሳብ ነበረው፤ እሱንም ጠበቀና ሰማ። ሁለተኛው መወጣጫ በሕንፃው ጎን ዞሮ፣ ረጅም ሆኖ፣ መያዣ ኖሮት ተሠራ።

ሱሚራህ ብቻዋን ወጣች። ክንዷ ነደደ፣ ላቧ ጀርባዋን አራሰው፤ ማንም እጁን አልዘረጋም። አዛውንቱ ከፊቷ ቀድመው፣ መያዣውን ይዘው፣ የድሮ ዜማ እያንጎራጎሩ ነበር። ጨርቁ ጥጉ ላይ ታጥፎ በጎን ግድግዳው ቀጥሏል፤ ጃርዎ እንዳለው። ዳክዬዎቹ ለብቻቸው ሰፊ ግድግዳ አግኝተዋል። በካውያ ደጋግመው ቢተኩሱትም ዳኑ ያጠፈበት መስመር አሁንም ይታይ ነበር። ሱሚራህ ጠጋ ብላ መስመሩን በጣቷ ነካችው። ንዴቷ ተመልሶ መጣ፤ ደህና፣ እዚሁ ነህ አለችው ንዴቷን በልቧ። ላራስ በምልክት ለምን አኮረፍሽ ብላ ጠየቀቻት። ያኮረፍኩ አይደለም፣ እያየሁ ነው ብላ መለሰችላት።

ሐሙስ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ ሲመለስ የሚቀጥለው ጨርቅ ምን ይሁን ተባለ። ሱሚራህ ደረጃ እንሣል አለች፤ የከተማውን ደረጃ ሁሉ፣ የትምህርት ቤቱን፣ የጤና ጣቢያውን፣ የባንኩን፣ አንድም ሳይቀር። ጥሩ አድርጋ ተናገረች፤ አንዳንዱ ሰው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ነፍሰ ጡሯ ግን፣ አሁን ሐሙስ የማትቀር የሆነችው፣ ሰርግ ይሁን አለች። እጅ ይውጣ ተባለ። ለሰርጉ ከወጡት እጆች መካከል አንዱ እየተወዛወዘ የወጣ የጃርዎ ነበር።

«አንተም?» አለችው።

«ደረጃ... ሰለቸኝ» አላት።

ሱሚራህ ወንበሯን አዞረች። እናንተ ሰዎች ለጥቂት ሩዝና ዶሮ ታሪካችሁን ትሸጣላችሁ፣ ሰርግ ደግሞ ምን ይሣልበታል፣ ሁሉም ሰርግ አንድ ነው፣ ሙሽራዋ ታለቅሳለች፣ አማቶች ይጣላሉ እያለች አዳራሹን ዞረች። ማንም አልመለሰላትም፤ ጨርቁን ወጥረው እርሳስ መያዝ ጀምረው ነበር። ዳኑ በዝግታ ወጥ ቤቱን ማን ይውሰድ ብሎ ጠየቀ። ከበሮውን ወጌሻው ወስዷል። ድንኳኑን ላራስ።

«ወጥ ቤቱ የኔ ነው» አለች ሱሚራህ፣ ምድጃውን ወደ ራሷ እየሳበች። «አማቶቹም የኔ ናቸው። ማንም እንዳይነካብኝ።»